ቅዱስ ቅርስ «ተገኘ» ሲባል እንዴት ይመረመራል? ደረጃ በደረጃ

«የጌታ ደም የፈሰሰበት ቦታ ተገኘ!» «የሐዋርያው አፅም በቁፋሮ ወጣ!» «ሳይንቲስቶችን አፍ ያስያዘ ግኝት!» እንዲህ ያለ ወሬ በየጊዜው ስልካችን ላይ ይደርሳል። አንዱ «አሜን» ብሎ ሼር ያደርጋል። ሌላው ሳያነበው ይስቃል። ሁለቱም ግን አልመረመሩም።

ለመመርመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ስልክ፣ ማስታወሻ መያዣና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ላስቀድም። መመርመር እምነት ማጉደል የሚመስለው ሰው አለ። በታሪክ ግን ቀድመው «ቆይ እስቲ» ካሉት መካከል ጳጳሳት አሉበት። ሁለቱን ከታች ታገኟቸዋላችሁ።

1. ወሬውን ቆራርጡት

የሰማችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ውስጡ ስንት ጥያቄ እንዳለ ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ይወጣሉ። ዕቃው በእርግጥ አለ? ዕድሜው ስንት ነው? ከየት ተነስቶ በማን እጅ አለፈ? ከተባለው ሰው ጋርስ ምን ያገናኘዋል? ወሬው አንዱን ይመልስና አራቱም የተመለሱ ያስመስላል።

በ2010 የሆነውን እንይ። ጥቁር ባሕር ላይ፣ ስቬቲ ኢቫን በምትባል የቡልጋሪያ ደሴት፣ አርኪዮሎጂስቶች የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሲቆፍሩ አነስተኛ የእምነ በረድ ሣጥን አገኙ። ውስጡ አጥንት ነበር። እዚያው የቅዱስ ዮሐንስን ስምና የልደቱ በዓል የሚከበርበትን ቀን በግሪክኛ የያዘ ሌላ ትንሽ ሣጥንም ወጣ። በ2012 ኦክስፎርድ ላይ አንድ የጣት አጥንት ተመረመረ። የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ። ዲኤንኤውም ከመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ጋር የሚስማማ ነው ተባለ።

ከዚህ ተነስቶ «የመጥምቁ ዮሐንስ አፅም ተረጋገጠ» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ የቀረ ይመስላል። ግን መልስ ያገኘው የዕድሜው ጥያቄ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አካባቢ የኖረው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። በዚያ ላይ ከሰው አጥንት ጋር የላም፣ የበግና የፈረስ አጥንት አብሮ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ የማን እንደሆነ አረጋገጥን አላሉም። እንግዲህ ጥሩ ግኝት ማለት ይህ ነው። በቁፋሮ የተገኘ፣ ጽሑፍ ያለው፣ ዘመኑም የገጠመ። ያም ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ክፍት ነው። ሌሎቹን ወሬዎች ከዚህ አንጻር መዝኗቸው።

2. መጀመሪያ ማን አወራው?

ይህ ቶሎ ያልቃል። «አንድ ጥናት እንዳመለከተው» ከተባለ የጥናቱን ስም፣ ዓመቱንና የታተመበትን መጽሔት ፈልጉ። ከሌለ ቁሙ። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የሌላ ቁፋሮ ፎቶ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ደግሞ በኤአይ የተሠራም ሊሆን ይችላል።

በ2014 «የፈርዖን ሠራዊት አፅም በቀይ ባሕር ተገኘ» የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ምንጩ የፈጠራ ዜና እየጻፈ የሚያስቅ ድረ ገጽ ነበር።

ቀኑንም እዩ። የ2007ቱ የ«ኢየሱስ ቤተሰብ መቃብር» ወሬም፣ የ2011ዱ የ«ስቅለቱ ምስማሮች» ወሬም ፋሲካ ሲቃረብ ከቴሌቪዥን ፊልም ጋር ነው የመጡት። ይህ ብቻውን ውሸት አያደርጋቸውም። ግን ማስታወቂያው ከጥናቱ ከቀደመ እኔ እጠረጥራለሁ።

3. በማን በማን እጅ አለፈ?

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። እኔ ከካርቦን ምርመራም፣ ከዲኤንኤም በላይ የማምነው ይህን ጥያቄ ነው። ዕቃው ከመሬት ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በማን እጅ እንደቆየ ያለ ክፍተት መናገር ይቻላል? ክፍተት ካለ የስንት ዓመት ነው?

መጀመሪያ እውነተኛ ግኝት ምን እንደሚመስል እንይ። በ1968 በሰሜን ኢየሩሳሌም፣ ጊቫት ሃሚቭታር በሚባል ሰፈር፣ የ1ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር ተቆፈረ። አንዱ የአፅም ሣጥን ላይ «ዮሐናን» የሚል ስም ተጽፏል። ውስጡ ምስማር ያለፈበት የተረከዝ አጥንት ነበር። የምስማሩ ጫፍ ተጣሟል። ምናልባት የእንጨት አንጓ አግኝቶት ይሆናል። ሰውየውን ሲያወርዱት ምስማሩ ከአጥንቱ አልላቀቅ ያለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዮሐናን ታዋቂ ሰው አይደለም። ማንም ሐዋርያ ነው አላለም። ቦታው፣ ቆፋሪው፣ ቀኑ ተመዝግቧል። ደግሞ በ1985 ሌሎች ባለሙያዎች እንደገና ሲያዩት የመጀመሪያው ዘገባ ስህተት ወጣበት። ምስማሩ እንደተባለው 17 ወይም 18 ሳንቲሜትር ሳይሆን 11.5 ነበር። ያለፈውም በሁለት ተረከዝ ሳይሆን በአንድ ነው። በአደባባይ ታረመ። ዕቃው ለምርመራ ክፍት ስለሆነ መታረም ቻለ።

አሁን ሌላውን እንይ። በጥቅምት 2002 ዋሽንግተን ላይ ጋዜጠኞች ተጠሩ። «ያዕቆብ የዮሴፍ ልጅ፣ የኢየሱስ ወንድም» የሚል የአራማይክ ጽሑፍ ያለበት የአፅም ሣጥን ተገኘ ተባለ። ጽሑፉን ያነበቡት አንድሬ ሌሜር የታወቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ናቸው። ሣጥኑ ግን ከቁፋሮ አልመጣም። ባለቤቱ ኦዴድ ጎላን የሚባል እስራኤላዊ ሰብሳቢ ሲሆን፣ ከዓመታት በፊት ከጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እንደገዛው ነው የተናገረው። የትኛው መቃብር? ከነማን አፅም ጋር? መልስ የለም።

በ2003 የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ያቋቋመው ኮሚቴ ሣጥኑ ጥንታዊ ነው፣ ጽሑፉ ግን በቅርቡ የተጨመረ ነው አለ። ጎላን ተከሰሰ። ረጅም ክርክር ተደረገ። በመጋቢት 2012 ከማጭበርበር ክሱ ነፃ ወጣ። ዳኛው ታዲያ ነፃ መውጣቱ ጽሑፉ እውነተኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ አደረጉ። ዛሬም ሊቃውንቱ እንደተከፋፈሉ ናቸው። መቃብሩ ቢታወቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ባልፈጀ።

የባሰም አለ። በመስከረም 2012 የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ካረን ኪንግ ሮም ላይ አንዲት የፓፒረስ ቁራጭ አቀረቡ። ቁራጯ ከባንክ ካርድ ብዙም አትበልጥም። በቅብጥኛ «ኢየሱስ እንዲህ አላቸው፣ ሚስቴ…» የሚል ነበረባት። ባለቤቱ ስሜ አይገለጥ አለ። ፓፒረሱ ሲመረመር ከ7ኛው እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ የሚወድቅ ሆነ። አሮጌ ፓፒረስ ግን ይገዛል። በ2016 አንድ ጋዜጠኛ ሁሉም የዘለለውን ሥራ ሠራ። የባለቤትነት ወረቀቶቹን ይዞ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተከታተለ። ታሪኩ ተበተነ። ኪንግም ሐሰተኛ ወደመሆኑ ያደላል ብለው አመኑ።

ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ መስመር አስምሩ። አንድ ጫፍ ላይ የተባለው ቅዱስ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ዛሬ። መሐሉ ላይ የምታውቁትን ሰነድና ስም ብቻ ሙሉ። ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። «ከአባቶቻችን ሲወርድ የመጣ»፣ «ስሙን መግለጽ ያልፈለገ ሰብሳቢ»፣ «ከቀድሞ ሰነድ ጋር የተቃጠለ» የሚሉት ባዶ ቦታ ናቸው እንጂ ሰነድ አይደሉም።

4. የዘመኑ ሰዎች ለምን ዝም አሉ?

በጣሊያኗ ቱሪን ያለውን፣ ኢየሱስ የተገነዘበት ነው የሚባለውን መግነዝ ሁሉም ያውቀዋል። 4.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የተልባ እግር ጨርቅ ነው። የተሰቀለ ሰው ምስል ይታይበታል። ጥርጥር የሌለው ታሪኩ የሚጀምረው በ1350ዎቹ፣ ሊሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ነው። ከዚያ በፊት ያለው 1,300 ዓመት በግምት ነው የሚሞላው። በ1389 የትሯ ከተማ ጳጳስ ፒየር ዳርሲ፣ አቪኞ ተቀምጠው ፓፓ ነኝ ይሉ ለነበሩት ክሌመንት 7ኛ ደብዳቤ ጻፉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጳጳስ ጉዳዩን መርምረው ጨርቁ በብልሃት የተሳለ መሆኑን እንደደረሱበት፣ ሠዓሊውም እንዳመነ ገለጡ። መጀመሪያ ላይ ካልኋችሁ ሁለት ጳጳሳት አንደኛው እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን የማይቀበሉ አሉ፤ ጳጳሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ባለቤቶች ጋር ጠብ ነበራቸው ይላሉ። ጥሩ ክርክር ነው። ሁለቱንም ጻፉት።

ዝምታ ግን በልክ ነው የሚመዘነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የቆስጠንጢኖስን ታሪክ ሲጽፍ የእሌኒን ጉዞ ይተርካል፣ መስቀል መገኘቱን ግን አያነሳም። የእሌኒን ስም ከግኝቱ ጋር አያይዞ የምናገኘው ዘግይቶ፣ በ395 በአምብሮስዮስ ንግግር ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም በ350 አካባቢ የመስቀሉ እንጨት በዓለም እንደተሠራጨ ይናገራል። እንግዲህ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ኢየሩሳሌም ውስጥ የመስቀል እንጨት ተብሎ የሚከበር ነገር ነበር። ያን ያህል ብቻ በእርግጠኝነት ማለት እንችላለን። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሄደችው ተሳላሚ ኤገሪያ ዲያቆናቱ እንጨቱን ከበው የሚጠብቁት ለምን እንደሆነ ጽፋለች። አንድ ሰው ሊሳለም ጎንበስ ብሎ ቁራጭ ነክሶ ሄዷል አሉ!

5. የላቦራቶሪ ውጤት ስታነቡ

ካርቦን 14 የሚለካው አንድ ሕይወት ያለው ነገር የሞተበትን ጊዜ ነው። ተክሉ የታጨደበትን፣ ዛፉ የተቆረጠበትን፣ እንስሳው የታረደበትን። ጽሑፉ መቼ ተጻፈ፣ ምስሉ መቼ ተሳለ አይልም። ድንጋይ ላይ አይሠራም፤ ብረት ላይም በተለመደው መንገድ አይሠራም። ስለዚህ «የጦሩ ብረት በካርቦን ተመርምሮ የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ» የሚል ካነበባችሁ መጀመሪያ ምኑ እንደተመረመረ ጠይቁ።

የቱሪኑ ጨርቅ በ1988 በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በአሪዞና ላቦራቶሪዎች ተመርምሮ ከ1260 እስከ 1390 ያለው ጊዜ ወጣ። «በእሳት ተቃጥሏል፣ በእጅ ብዛት ቆሽሿል» የሚል መከራከሪያ ትሰማላችሁ። ሒሳቡን ሥሩት። የ1ኛው ክፍለ ዘመን ጨርቅ የ14ኛውን እንዲመስል በውስጡ ካለው ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አዲስ መሆን አለበት። ያ እድፍ አይደለም፣ ሌላ ጨርቅ ነው። ጠንከር ያለው መከራከሪያ ናሙናው ከአንድ ጥግ ብቻ መወሰዱ ነው። ሁሉንም ተቃውሞ በአንድ ሚዛን አታስቀምጡ።

ምርመራ ሁልጊዜ ባህሉን አያፈርስም። ጣሊያን፣ ሉካ ውስጥ ትልቅ የእንጨት ስቅለት አለ። በባህሉ ኒቆዲሞስ ቀረጸው፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ከተማው መጣ ይባላል። ብዙ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ ነው ብለው ነበር። በ2020 ሲመረመር ከ770 እስከ 880 ሆነ። ሊቃውንቱ በ300 ዓመት ገደማ ተሳስተዋል። የመጣበት ዘመን ገጠመ፣ ኒቆዲሞስ ግን አልገጠመም።

ሮም ውስጥ የሐዋርያው ያዕቆብ ተብሎ ለዘመናት የተጠበቀው የጭን አጥንት ደግሞ በ2021 በወጣ ጥናት ከ214 እስከ 340 ባለው ጊዜ የኖረ ሰው ሆነ። ሐዋርያው ሊሆን አይችልም። አጥንቱን ያስቀመጡት ሰዎች ግን አጭበርባሪ ናቸው አያሰኝም። የጥንት ክርስቲያን አፅም አግኝተው ከልባቸው አምነው ሊሆን ይችላል። ሐሰትና ስህተት ለየቅል ናቸው።

አፍንጫም ይመረምራል። በ1867 ፓሪስ ውስጥ «ከዣን ዳርክ እሳት ሥር የተገኘ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ወጣ። ፈረንሳዊቷ ቅድስት ዣን ዳርክ በእሳት የተቃጠለችው በ1431 ነው። በ2007 ፊሊፕ ሻርሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ውጤቱን ሲያወጣ፣ ሽቶ ቀማሚዎች ጠርሙሱን አሽትተው የቫኒላ ጠረን እንዳገኙበት ተናገረ። ያ ጠረን ቀስ ብሎ ከሚበሰብስ አካል እንጂ ከተቃጠለ አይመጣም። የጎድን አጥንቱ ከግብፅ ሙሚ የመጣ ሆነ። አብሮት የድመት ጭን አጥንት ነበር።

ደጋግሞ የሚመጣውን የ«24 ክሮሞዞም» ወሬም እንጨርሰው። አሜሪካዊው ሮን ዋያት በ1982 ኢየሩሳሌም ውስጥ የቃል ኪዳኑን ታቦት አየሁ፣ ላዩ ላይ የደረቀ የኢየሱስ ደም ነበር፣ ደሙ ሲመረመር እንደ ሌላ ሰው 46 ሳይሆን 24 ክሮሞዞም ተገኘበት አለ። በአራቱ ጥያቄዎች እንፈትነው። ታቦቱን ማንም ሌላ አጥኚ አላየም። ደሙን መረመረ የተባለው ላቦራቶሪ ስም የለውም። የምርመራ ወረቀት አልታተመም። ከሁሉ በላይ ክሮሞዞም የሚቆጠረው በሕይወት ካለና እየተከፋፈለ ካለ ሴል ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ከደረቀ ደም አይቆጠርም። ደሙ ሕያው ስለሆነ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። እሱ ተአምር ነው፤ ተአምር ደግሞ በላቦራቶሪ ስም አይሸጥም።

6. ጽሑፍ ካለው ፊደሉ ላይ አተኩሩ

ቋንቋውን ባታውቁም ባለሙያዎች ምን እንዳሉ ማንበብ ትችላላችሁ። ሐሰተኛ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ይገለብጣል። ያቺ የ«ሚስቴ» ፓፒረስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ካለው የቶማስ ወንጌል በተቀነጫጨበ ሐረግ የተሠራች ሆና ተገኘች። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጠው የዚያ ወንጌል ቅጂ ውስጥ አንዲት ፊደል ሳትተየብ ቀርታለች። ፓፒረሷም ላይ ያችው ፊደል የለችም!

በ2011 ከዮርዳኖስ ወጡ የተባሉት የእርሳስ መጻሕፍትም እንደዚያው ናቸው። የክርስትና መጀመሪያ ምስጢር ያለባቸው ተብለው ተወርቶላቸዋል። የኦክስፎርዱ ፒተር ቶነማን አንዷን ግሪክኛ መስመር ሲያይ ትርጉም የላትም። ሲፈልግ አማን ሙዚየም ውስጥ ካለ የ108 ወይም 109 የመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀንጭባ የተቀዳች ሆና አገኛት።

ቀለሙንም እዩ። ዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልል ብሎ የያዛቸው 16 ቁራጮች በሙሉ ሐሰተኛ መሆናቸው በመጋቢት 2020 ተገለጠ። ቆዳው ያረጀ ነው። ቀለሙ ግን በተሰነጣጠቀው ውስጥ ገብቷል። ቆዳው አዲስ ሳለ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ አብሮ ይሰነጠቅ ነበር እንጂ ስንጥቁን አይሞላም።

7. ሌላ ቦታስ የለም?

በ1098 የመስቀል ጦረኞች አንጾኪያ ውስጥ ተከበው ሲራቡ፣ ፒተር ባርቶሎሜው የሚባል ሰው ቅዱስ እንድርያስ በራእይ አሳየኝ ብሎ በካቴድራሉ ወለል ሥር ጦር አወጣ። የጌታን ጎን የወጋው ነው ተባለ። ጳጳሱ አዴማር አልተዋጠላቸውም። ቁስጥንጥንያ ውስጥ ያው ጦር የተባለ ሌላ እንዳለ ያውቁ ነበር። ሁለተኛው ጳጳስ እሳቸው ናቸው። ፒተር በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛነቱን ለማሳየት በእሳት መሐል አልፎ ከቀናት በኋላ ሞተ።

ስለዚህ «ሌላ ቦታ አለኝ የሚል አለ?» ብላችሁ ፈልጉ። ግን በቀልድ አትወሰዱ። በ1543 የፕሮቴስታንቶቹ መሪ ካልቪን የመስቀሉ ቁራጭ ሁሉ ቢሰበሰብ መርከብ ይሞላል ብሎ አሾፈ። ዛሬም ይደገማል። በ1870 ሮ ደ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ የታወቁትን ቁርጥራጮች ለክቶ ደመረ። 4 ሊትር እንኳ አልሞሉም። አንድ መስቀል ደግሞ በግምቱ 178 ሊትር ነው። እርግጥ ማነሱ እውነተኛ አያደርጋቸውም። ቀልዱ ግን ማስረጃ አልነበረም።

8. ማን ይጠቀማል?

አጭር ነው። ዕቃው ይሸጣል? ለማየት ይከፈላል? መዋጮ ይጠየቃል? አውግስጢኖስ በ400 አካባቢ የሰማዕታት አካል እያሉ ስለሚሸጡ ዘዋሪ መነኮሳት አማሯል። በ1215 የላተራን ጉባኤ የቅዱሳን አፅምና ቅርስ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነጋዴው ዛሬ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል።

9. ፍርዱን በልኩ ጻፉ

«እውነት» ወይም «ውሸት» ከማለት አራት ሳጥን አዘጋጁ፦ ሐሰት የሆነ፣ ከዘመኑ ጋር የማይገጥም፣ ከዘመኑ ጋር የሚገጥም ግን ባለቤቱ ያልታወቀ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት። የእርሳስ መጻሕፍቱ አንደኛው ውስጥ ይገባሉ። የሮሙ የጭን አጥንት ሁለተኛው ውስጥ፣ የቡልጋሪያው የጣት አጥንት ሦስተኛው ውስጥ። የዋያት ታቦት አራተኛው ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለን ነገር ማስተባበል የእናንተ ሥራ አይደለም፣ ማስረዳት የባለ ወሬው ነው። «የቅዱሱ መሆኑ የተረጋገጠ» የሚል ሳጥን አላስቀመጥኩም። ይህን ያህል ሰነድ ያለው ዕቃ በእርግጥ ካጋጠማችሁ ጨምሩት።

ሰው ሲልክላችሁ በሁሉም ፊት አታሳፍሩት። ለብቻው «ይህ ከየት ነው የተገኘው? ማን መረመረው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው የላከው ደስ ስላለው ነው።

በመጨረሻም ከፍርዳችሁ ጎን ቀኑንና ሐሳባችሁን ምን ሊያስቀይር እንደሚችል ጻፉ። ለቱሪኑ ጨርቅ እኔ የጻፍኩት «ከሌላ የጨርቁ ክፍል የተወሰደ አዲስ ናሙና» የሚል ነው። የ1988ቱ ምርመራ ጥሬ ቁጥሮች በ2017 ተለቀቁ። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ የሦስቱ ላቦራቶሪ ቁጥሮች በደንብ አይገጣጠሙም አለ። ይህ ጨርቁን የ1ኛው ክፍለ ዘመን አያደርገውም፣ እንደገና መመርመር እንዳለበት ግን ያሳያል። አዲስ ናሙና ሲወሰድ ማስታወሻዬን እከፍታለሁ።